የቆጣሪው ምስክርነት

እታገኘሁን ቆጣሪ ማንበብ ማንም አላስተማራትም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ስምንተኛን በግሏ አጥንታ የተፈተነች፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ብልቃጥና ከዘይት ቆርቆሮ ላይ እየለቀመች የተማረች ሴት ናት፤ ቆጣሪ ምኗ ነው! ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ቆማ አየች። በሦስተኛው ወር እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያወርድ ቁጥሩን ጠራችለት። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀና «እኔ ልሂድ በይኛ!» አላት። ይህን ወሬ እሷው ራሷ በመላው አሰላ አዳረሰችው።

በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነበር። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰርኩላር መጣ። ነዳጅ በዓለም ላይ ተወዷልና ትምህርት ቤቶች መብራት ይቆጥቡ፤ ሒሳቡን ወደ አምናው ያልመለሰ የማታውን ክፍል ይዝጋ ይላል። ዳይሬክተሩ አቶ ሣህሌ በመምህራን ስብሰባ ላይ አንብበው መነጽራቸውን ሲያወልቁ፣ እታገኘሁ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ለእኔ ይስጡኝ።»

«ምኑን?»

«መብራቱን። በሁለት ወር ወደ አምናው እመልስልዎታለሁ።»

አንዱ መምህር «እግዜር ብርሃን ይሁን ያለው በአንድ ቀን ነው፤ አንቺ ሁለት ወር ምን ያደርግልሻል?» ሲል ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«እግዜር አብርቶ የሚረሳ መምህር አልነበረበትማ!» አለችው። ሳቁ ዞሮ እሱው ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን እግር በእግር ያዘችው። የመቶውን አምፖል በስልሳ ቀየረች። ዓመት ሙሉ ውሃ ያልነካውን የመስኮት መስታወት አሳጠበች፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀባች። ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲያለብሰው፣ በቀን መብራት ማብራት የለመዱትን ክፍሎች ዴስካቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። በየማብሪያው ሥር «አጥፍተህ ውጣ፤ እጅ አለህ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። መምህራኑ አጉረመረሙ። እሷ ግን ማጉረምረማቸውን እንደ ምስጋና ነበር የምትቆጥረው።

የኅዳር ሒሳብ መጣ። ከአምናው ጨምሯል።

አቶ ሣህሌ ወረቀቱን አቀበሏት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያ በስብሰባው ላይ የቀለደባት መምህር በመስኮት አልፎ ሲሄድ ዓይኑ የሳቀባት መሰላት፤ ፊቷ እሳት ሆነ። ሰው ላይ ስትስቅ የኖረች ሰው፣ ሲሳቅባት መቋቋሚያ የላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ዘበኛውን ጉቱን ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች መብራት የሚባል ሁሉ ጠፍቶ እንደሆነ አረጋገጠች። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ቆሙ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው፣ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት ያላት ክብ ብረት፣ ቀስ እያለች ትዞራለች።

«አዩ፣ ጋሽ ጉቱ? ሁሉ ጠፍቶ እየዞረች ነው። አንድ ሰው እየሰረቀን ነው!»

«ማን አለና? እኔ፣ አንቺ፣ እዚያ ብርጭቆ የምታጥበው ሀሊሜ።»

እሱ እንዲያው ለወሬ ያህል ነበር ያለው። እሷ ግን ጆሮዋ ቆመ።

አዴ ሀሊሜ ከመምህራኑ በረንዳ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ለመምህራንና ለማታ ተማሪዎች ሻይ ስታፈላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ በዲክሲስ ከተማ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ የመጣች የአርሲ ሴት ናት፤ ሦስቱንም ያሳደገችው በዚያች ማንቆርቆሪያ ነው። እታገኘሁ በበሩ አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጧል። አንድ ፈረንጅ የሳይንስ መምህር አገሩ ሲገባ ትቶት የሄደው ነው። በዚያች ሰዓት መናገር ትችል ነበር። ግን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እስከ ሰኞ አቆየችው።

ሰኞ በሻይ ሰዓት፣ መምህራኑ ብርጭቆ ብርጭቆ ይዘው በረንዳውን ሞልተውት ሳለ፣ ወደ ጠባቧ ክፍል ገብታ ምድጃውን በገመዱ አንጠልጥላ ወጣች።

«አዴ ሀሊሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምድጃ ነው፣ ልጄ። የሞተ ምድጃ። ማንቆርቆሪያ አሳርፍበታለሁ።»

«የሞተ ነገር መብራት ይበላል? ቆጣሪው ይዞራል እኮ!»

«ቆጣሪሽን እኔ አላውቀው፣ እሱም እኔን አያውቀኝ። ሻዬ በከሰል ነው። ከሰሌ ያውና!»

ከመምህራኑ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሳቁ ለሀሊሜ መልስ መሆኑ እታገኘሁን አንገበገባት።

«በመንግሥት መብራት አፍልቶ ለመንግሥት ሠራተኛ መልሶ መሸጥ! ምን ዓይነት ብልጠት ነው? ሌባ በጨለማ ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ በመብራት ትሠሪያለሽ!»

በእናቷ ዕድሜ ያለችውን ሴት «አንቺ» አለቻት። ሀሊሜ መሐላ አልማለችም፣ አላለቀሰችም። ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ «የከፈላችሁ ጠጡ» አለችና የቀራትን ሻይ እስከ ጠብታዋ ቀዳች። ከዚያ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ አጥባ በቅርጫት አደረገች፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ጉቱ በሩን ከፈተላት። አቶ ሣህሌ በመስኮታቸው አይተው መጋረጃቸውን ሳቡ።

ምድጃውን ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ቆጣሪ አንባቢውን የቀደመችው እታገኘሁ፣ ያለ ማስረጃ ወሬ አልሰማም የምትለው እታገኘሁ፣ አልሰካችውም። እርግጠኛ ነበረች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። ብረቷ ቆማ ለማየት፣ ቆማ አይታ ለመደሰት ነበር። ሁሉን አጠፋፍታ ቆጣሪው ፊት ቆመች።

ትዞራለች። እንደ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሳትቸኩል፣ ቀዩን ምልክት እያመጣች ትዞራለች።

መጀመሪያ የታያት ከአጥር ውጭ የቀጠለ ሰው አለ የሚል ነበር። ሽቦውን በዓይኗ እየተከተለች ግድግዳ ለግድግዳ ሄደች፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከቢሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት። ሽቦው መጨረሻ ላይ የገባው የእሷው ንብረት ክፍል ነው። ከፍታ ገባች። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ አምፖሉ ጠፍቷል። ከወደ ኋላ፣ ለፈተና ካልሆነ የማይነካው የብረት ቁም ሣጥን ላይ፣ የግቢው ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ድመት ኅዳር ላይ ባዶ ብረት ላይ አይተኛም። እታገኘሁ እጇን ሰደደች።

ብረቱ ይሞቃል።

ቁልፉን አዙራ ከፈተችው። ሁለት ባለ መቶ አምፖሎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በፈተና ማባዣ ወረቀቱ መካከል ቦግ ብለው በርተዋል።

ያኔ ትዝ አላት። መስከረም መጨረሻ ላይ አዲሱ ወረቀት ሲመጣ፣ ከማባዣ መኪናው ጋር በመጣችው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ እርጥበት ወረቀትን እንደሚያሳብጥ፣ አምፖል አብርቶ በሣጥን መዝጋት ደግሞ መድኃኒቱ እንደሆነ አንብባ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዛ ሁለት ቀን የለፋችበት ገጽ ነው። ሽቦውን በራሷ እጅ ቀጠለች፤ እርጥበት እንዳይገባ ስንጥቁን ሁሉ በወረቀት አሸገች። ለሦስት ቀን ብላ ነበር። የማታ ተማሪዎች ምዝገባ መጣ፣ ግርግር ሆነ፣ ረሳችው። በየክፍሉ ወር የማይሞላው አምፖል፣ ያቺን እሽግ ወረቀቷን እያሞቀ ሁለት ወር ሙሉ አልተቃጠለም!

አምፖሎቹን በባዶ እጇ ነቀለቻቸው፤ ጣቷ ተላጠ። ሮጣ ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ብረቷ ቆማለች። ተመልሳ ከመደርደሪያዋ ላይ የሀሊሜን ምድጃ አወረደችና ሰካችው። አንድ ደቂቃ ጠበቀች፣ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። መዳፏን አሳረፈችበት። እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

ነገ እናገራለሁ አለች። ነገ ሰው በዛ፤ ከነገ ወዲያ አቶ ሣህሌ ራሳቸውን አሟቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ ምክንያት ስትደረድር ታኅሣሥ ገባ፤ ሒሳቡም መጣ። ከአምናው አንሷል።

አቶ ሣህሌ መምህራኑን ሰብስበው ሲናገሩ ድምፃቸው በደስታ ይርገበገብ ነበር። የማታው ክፍል ተርፏል። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ጽፈዋል፤ «በንብረት ክፍል ሠራተኛችን ትጋት አጥፊዋ ተደርሶባት ከግቢው ተወግዳለች» ብለው። መምህራኑ አጨበጨቡ። ያ ቀልደኛው መምህር ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበና «ለካ ሴትየዋ ናት! አሥራ አንድ ዓመት ስንቱን ማንቆርቆሪያ አፍልታብን ይሆን?» አለ።

እታገኘሁ አንገቷን ደፋች። «ዛሬስ ጨዋ ሆናለች» ሲሉ ሰማቻቸው። አምፖሉን ነቅላ ዝም ባለች ጊዜ ያልገባት ነገር ያኔ ገባት። ቆጣሪው የወረደው እሷ በመንቀሏ ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ሀሊሜ ሄደች፣ ሒሳቡ ወረደ። አንድ ቃል ሳትጨምር፣ በዝምታዋ ብቻ፣ ያችን ሴት ሁለተኛ ጊዜ ሌባ አደረገቻት። ለዚህኛው ደግሞ ማስረጃ አለ።

ስብሰባው ሲበተን ዳይሬክተሩን ተከትላ ቢሮ ገባችና ሁሉን ነገረቻቸው። አቶ ሣህሌ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ደብዳቤው ሄዷል። ሴትዮዋም መናኸሪያ ሥራ ጀምራለች አሉ፤ አልተራበች። አንቺስ? ነገ ጠዋት የማን መሳለቂያ እንደምትሆኚ አታውቂም?»

ታውቃለች። ከእሳቸው ይልቅ ታውቃለች፤ በዚያ ግቢ በሰው ስትስቅ ሦስት ዓመት ኖራ የለም እንዴ?

ያን ሌሊት አልተኛችም። በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ መናኸሪያ ወረደች። ሀሊሜ የሳጉሬ መኪኖች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ሸራ ዘርግታ፣ ከሰሏን አቀጣጥላ ተቀምጣለች። እታገኘሁን ስታይ ብርጭቆ አነሣች።

«ስኳር ይብዛ?»

«አዴ ሀሊሜ፣ ሻይ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ምድጃው የሞተ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አምፖል ረስቼ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። ሀሊሜ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ይሄን አሁን ማን ሰማ?»

«እርስዎ።»

«እኔማ ድሮም አውቅ ነበር! እነዚህ ደግሞ ሳጉሬ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ሌባ ብለውኝ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ለወንድ ልጄ ሚስት ሊያጩለት የተላኩት ሽማግሌዎች ምን ተባሉ መሰለሽ? ‹የመብራት ሌባዋ ልጅ ነው ወይ?› ተባሉ። አንቺ በረንዳው ላይ ያልሽው፣ ልጅቷ ቤት ደርሶ ጠበቀን።»

«ነገ በሻይ ሰዓት ይምጡ» አለች እታገኘሁ።

«እመጣለሁ። እኔ ከሰው ፊት የሚያሸሸኝ ነገር የለኝም።»

መጣችም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ በረንዳው መካከል ቆመች። መምህራኑ ከፔርሙስ የቀዱትን ለብ ያለ ውሃ ይዘው ዘወር ዘወር አሉ። አቶ ሣህሌ በቢሯቸው በር ላይ ቆመው እታገኘሁን በዓይናቸው ተለማመጧት። እሷ ሌሊቱን ያጠናችውን ንግግር ጀመረች።

«በመብራቱ ጉዳይ... ጽሕፈት ቤቱ ሲያጣራ፣ አዴ ሀሊሜ ላይ ስሕተት መፈጸሙ ተረጋግጧልና ጽሕፈት ቤቱ...»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ሀሊሜ። «ጽሕፈት ቤት አፍ አለው? ሌባ ያለኝ ይሄ ግድግዳ ነው?»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው። እታገኘሁ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች። ምላሷ፣ ያ የምትኮራበት ምላስ፣ ከላንቃዋ ተጣብቋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው አንድም ቀን መብራት አልወሰዱም። ቆጣሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ባለ መቶ አምፖል ቁም ሣጥን ውስጥ አብርቼ ቆልፌ ረሳሁ። ምድጃውን ሳልሞክር ሌባ አልኳቸው። ካወቅሁም ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከትናንት በስቲያ ስታጨበጭቡልኝ አውቅ ነበር።»

ሳቅ ጠበቀች። ለሳቁ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ አልሳቁም። ቀልደኛው መምህር የጫማውን ጫፍ ያያል። አቶ ሣህሌ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«ጨረስሽ?» አለች ሀሊሜ።

«ጨረስኩ።»

«ሰማሁ። እነዚህም ሰሙ። ለልጅቷ አባት ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ሄዶ ይንገርልኝ፤ ያኔ የሰማችሁትን እዚያ የወሰዳችሁ እናንተ ናችሁ።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ቀልደኛው መምህር። ሌላው ደግሞ «ወደ ክፍልዎ ይመለሱ እንጂ፣ አዴ ሀሊሜ፤ በብርድ አለቅን» ሲል ተከተለ።

«የመናኸሪያው መንገድ አይጠፋችሁም» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ጉቱ እስከ ውጭው በር ሸኛት።

ከበረንዳው እስከ ንብረት ክፍሉ በር ሃያ እርምጃ አይሆንም። እታገኘሁ በሰዎቹ መካከል አለፈችው፤ መንገድ ለቀቁላት። ገብታ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ጠመኔ ሲጠይቃት እንኳ ቀድሞ የሚፈራት፣ ስንት ቁራጭ እንደጨረሰ ቆጥሮ የሚመጣ የሒሳብ መምህር ነው።

«እታገኘሁዬ፣ ጠመኔ ብትሰጪኝ... ካልተመቸሽ ግን ኋላ እመለሳለሁ» አላት፣ የታመመ ሰው እንደሚያነጋግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ጠመኔውን ሳትቆጥር፣ ቀና ብላም ሳታየው ሰጠችው።