ባለሜዳ በእንግዳ በኩል

መሃል ከተማ ያለውን ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ሁለገብ» ብሎ ብቻ ነው። «ሁለገብ ጋ ጠብቀኝ» ከተባለ የትኛው ሁለገብ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔና አባቴ የምንሠራው እዚያ ነው። ሥራችን ወለል መቀየር ነው። ትናንት ተማሪዎች ካባ ለብሰው የተመረቁበት ቦታ ዛሬ የመረብ ኳስ ሜዳ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ የቤት ዕቃ ነጋዴዎች አልጋና ቁም ሣጥን ይደረድሩበታል። ስር ያለው ሲሚንቶ አንድ ነው፤ ከላይ የሚነጠፈው ጣውላና ምንጣፍ ነው የሚለዋወጠው። አባቴ የወለል ሠራተኞቹ አለቃ ነው። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ ጣውላ የተሸከመ ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ ሲደግም ያወርዳል። በዚህ የተነሳ የወጣለት ስም ተረስቶ ጋሽ ፉጨት ሆኖ ቀርቷል።

እኔ ሥራ ሲያልቅ ቶሎ ወደ ቤት አልሄድም። ላይኛው መቀመጫ ላይ ጋደም ብዬ ጣራውን አያለሁ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ያየው ነገር ሁሉ የሚመለስ ይመስለኛል። መጀመሪያ የተሠራው ለቦክስ ነበር አሉ። በመክፈቻው ቀን ጣራው አፍስሶ ሁለቱ ቦክሰኞች እየተንሸራተቱ ሲተቃቀፉ ውለው ዳኛው እኩል ለእኩል ብሎ ለያያቸው። ከዚያ ሰርከስ መጣ፤ ዝሆኑ በበሩ አልገባ ብሎ በሩ እንዲሰፋ ተደረገ። ዛሬም ያ በር የዝሆን በር ይባላል። ክትባት የተሰጠውም፣ ትልልቅ ስብሰባ የተደረገውም፣ ያረፉ ተጫዋቾች የተሸኙትም እዚያው ነው።

አባቴ ግን ይህን ሁሉ የሚያወራው ወደ ጎርፉ ለመድረስ ነው።

በጎርፉ ዓመት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ሲውጠው ሰዉ ከነፍራሹ ሁለገብ ገባ። ወለሉ ላይ የተሰመሩት የሜዳ መስመሮች ግድግዳ ሆኑ። ዛሬም ትልልቅ ሰዎች ሲገናኙ «እኛ እኮ ጎረቤት ነበርን፤ እናንተ መሃል ክቡ ውስጥ፣ እኛ ማዕዘኑ ላይ» ይባባላሉ። እህቴ የተወለደችው ያኔ ነው። አባቴ ሰው በጀልባ ሲያመላልስ ቆይቶ ሲመለስ ልጅ ጠበቀችው። «በባለሜዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ተወለደች! ልጄ ባለሜዳ ናት!» ብሎ በአዳራሹ ሙሉ ለፈፈ። ስሟ በዚያው ጸና፤ ባለሜዳ።

ባለሜዳ አድጋ መረብ ኳስ ተጫዋች ሆነች። የከተማችን ክለብ ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲያከርማት፣ የሌላ ከተማ ክለብ ጠራትና ሄደች። አባቴ ቅር አላለውም፤ ፎቶዋን ለሠራተኛው ሁሉ ሲያሳይ ነበር። ጉድ የፈላው ክለቧ ከእኛ ክለብ ጋር ሁለገብ ላይ እንዲጫወት ሲደለደል ነው።

«የትም ትጫወት፣ ደስ ይለኛል» አለ አባቴ። «እዚህ ግን፣ በገዛ ቤቷ፣ እንግዳ የሚል ሰሌዳ ስር? ባለሜዳ ብዬ ያሳደግኳትን? አላይም።»

በጨዋታው ቀን ጠዋት ጣውላውን ስንዘረጋ ግን እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፉ እየዳበሰ ነበር። እህቴ ከጓደኞቿ ጋር ለልምምድ ስትገባ ቀና አለ።

«አባዬ፣ ደህና አደርክ?»

«ይመስገን። የእንግዳው መልበሻ በዚያ በኩል ነው።»

«አውቀዋለሁ እኮ።»

«ካወቅሽው ጥሩ።»

«ከሰዓት ታየኛለህ አይደል?»

«ሥራ አለብኝ።»

«ወለሉን ዘርግተህ ጨርሰህ የምን ሥራ?»

«ዕቃ ግምጃ ቤቱ መስተካከል አለበት።»

ወደ እኔ ዞር ብላ ልትስቅ ሞከረች። «አንተስ፣ ወንድም ጋሼ? አሁንም ተጋድመህ ጣራ ስትቆጥር ነው የምትውለው?»

«አልቆጥርም፤ አያለሁ እንጂ።»

«ዛሬ እንኳ ወደ ታች እይልኝ» ብላኝ ሄደች። ድምጿ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

እናቴ ከሰዓት በኋላ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ መጣች። አባቴን ዕቃ ግምጃ ቤት ከእኔ ጋር አገኘችው፤ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ በዘረጋኸው ወለል ላይ ልትጫወት አንተ ከምንጣፍ ጋር ልትውል ነው?»

«ባለሜዳ ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጅ…»

«እሱን ስም እንኳ ተወው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «የባለሜዳው ክፍል ያን ቀን በሽተኛና ሽማግሌ ሞልቶት ነበር። ወዲያ ማዶ ወስደው የእንግዳው መልበሻ ወንበር ላይ ነው ያስተኙኝ። ልጅህ የተወለደችው በእንግዳ በኩል ነው።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አባቴ ጓንቱን ወረወረብኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?»

«ከጀልባ ወርደህ፣ ውሃ እየተንጠባጠበብህ እንደዚያ ስትፎክር በየት በኩል ልግባ? ኋላም ሰዉ ተቀበለው። ደስ ብሎህ ነበርና ተውኩት።»

አባቴ ምንጣፉን እየነካካ ቀስ ብሎ፣ «የትኛው ወንበር ላይ?» አላት።

«በመስኮቱ በኩል ያለው።»

«እሱን ወንበር እኮ ያደስኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ተነሣና አቧራውን አራገፈ።

ሁለገብ ጢም ብሎ ሞላ። ጡሩንባ የምንለው አስተዋዋቂ የእኛን ተጫዋቾች ስም እያስረዘመ ሲጠራ ቆይቶ የእንግዶቹን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አነበበው። እህቴ ስትጠራ ጩኸትና ፉጨት በረታ። አንዱማ ከኋላዬ «ከሃዲ!» አለ። ያን ጊዜ ነው ማዶ፣ ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው የእንግዳ ደጋፊዎች መቀመጫ ላይ፣ አባቴን ከእናቴ ጎን ያየሁት። እህቴም አየችው መሰለኝ፤ ትከሻዋ ዘና አለ።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው አንገት ለአንገት ተያይዞ ሄደ። እንግዶቹ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው ኳስ የማስጀመሩ ተራ የእህቴ ሆነ። አዳራሹ ሊያደነግጣት በእግሩ ደረጃውን ደበደበ። ኳሱን ወደ ላይ ስትወረውር አባቴ፣ ራሱም ሳያውቀው፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ።

እኔና የወለል ሠራተኞቹ ባለንበት ደርቀን ቀረን። ልማድ ነው። ችግሩ የእኛ ክለብ ተጫዋቾችም ደርቀው መቅረታቸው ነው። ኳሱ በሁለት ተከላካዮች መሃል ዱብ አለ። እንግዶቹ ሲዘሉ የእኛዎቹ «ፉጨት ሰምተን ነው የቆምነው!» ብለው ጮኹ። ዳኛው የራሱን ፊሽካ እያየ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ነጥቡን ሰርዞ እንዲደገም አዘዘ።

ጡሩንባ ማይኩን አነሣ። «ጋሽ ፉጨት፣ እባክዎ፤ ገና ወለል አናነሣም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሃዲ ያለው ሰውዬ እንኳ ሆዱን ይዞ ነበር። አባቴ የልጁን ድል በገዛ አፉ አሰርዞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እህቴ ኳሱን ጣውላው ላይ እያነጠረች ወደ እሱ ቀና አለች፤ ሁለት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አሳየችው። ከእኛ በኩል አንዲት ሴትዮ «አይዞሽ ባለሜዳ!» አሉ። ሌላም ደገመው።

ያኔ መታችው። ኳሱ እዚያው፣ የቅድሙ ቦታ ላይ አረፈ። አሁን ፉጨት ሰማሁ ያለ አልነበረም።

ጨዋታው አልቆ ጣውላ ለማንሣት ስንዘጋጅ አለቃችን የለም። ፍለጋ ስሄድ የእንግዳው መልበሻ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። የእህቴ ጓደኞች ከበውታል፣ እህቴ ክንዱን ይዛለች፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ በበሩ በኩል ያለውን ወንበር መታ መታ ያደርጋል።

«የተወለደችው እዚህ፣ ይሄ ወንበር ላይ ነው! እኔ ከጀልባ ወርጄ…»

አጠገቡ የቆመችው እናቴ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ወንበር ልታመለክት እጇን አነሣች። እሱ ግን ወሬውን ጀምሮታል። ወደ እኔ አይታ ፈገግ አለችና እጇን መለሰች።