የጎፈሬ ኮፍያ

የእህቴን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ጎፈሬ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ገና በልጅነቱ ነው፤ ያኔ አናቱ ላይ የነበረው ፀጉር ለሁለት ልጅ ይበቃ ነበር። ማበጠሪያ ይሰብር ነበር። እናቱ ልታበጥረው በተቀመጠች ቁጥር ለቅሶው ጎረቤት ይሰማል። ዛሬ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስሙ እንዳለ አለ፤ ፀጉሩ ግን የለም።

እኔ የእናቱ ታላቅ ወንድም ነኝ። ዳቦ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ ነው የምሠራው፤ እሱንም እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስለ ራሴ የምደብቀው የለኝም፤ መላጣ የሆንኩት በሱ ዕድሜ ነው። መላጣነት በእናት ወገን ይመጣል የሚሉ አሉ። እውነት ይሁን ውሸት ሐኪም ይጠየቅ፤ እህቴ ግን አምናበታለች፣ ልጇንም አሳምናዋለች። ፀጉሩ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ አናቴን የሚያየው ክፉ ርስት እንዳወረስኩት ነው።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ "አጎቴ፣ ያንተ መጀመሪያ የሸሸው ከየት በኩል ነው?" አለኝ።

"ከግንባሬ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁሉም ተከተለ። መሪ ካገኘ ምን ያቆመዋል?"

እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ቀልድ የሚያልፍበት ጊዜ እንዳልነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ያልሞከረው የለም። ሽንኩርት ጨምቆ ቀባ፤ መኝታ ቤቱ ማዕድ ቤት ማዕድ ቤት ሸተተ። እንቁላል ቀባ። አንዲት ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ብትለው እሱንም ቀባ፤ ዝንብ እንጂ ፀጉር አላመጣለትም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልዋሸችውም። "ይሄ በሽታ አይደለም፣ በዘር የሚመጣ ነው፤ ብዙ ወንዶች ላይ በዚህ ዕድሜ ይጀምራል። ያለውን ለማቆየት የሚረዳ መድኃኒት አለ። የሄደውን ግን መልሼ አበቅላለሁ ብዬ ተስፋ አልሰጥህም" አለችው። እሱ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የመጣው "የሄደው" የሚለውን ብቻ ነው።

ደግነቱ ዳቦ ቤት ኮፍያ ግዴታ ነው። ከኋላ ክፍል ያለን ሁሉ ነጭ ኮፍያ እናደርጋለን፤ እኔ እንኳ፣ ምን እንደምሸፍን አንድዬ ይወቀው። ጎፈሬ ከዚህ ደንብ ጋር የተዋደደውን ያህል ከማንም ጋር ተዋዶ አያውቅም። ቀስ በቀስ ለመንገድም ሌላ ኮፍያ ገዝቶ ማድረግ ጀመረ፤ ከዚያ ቤትም ማውለቅ ተወ። እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ "ወንድሜ፣ ልጄ ተኝቶም አያወልቅም!" አለችኝ።

ነገሩን ያባሰችው ከፊት ሱቁ ገንዘብ የምትቀበለው ካሸር ናት፤ ክፉ አስባ ግን አይደለም። የኛን ክፍልና የፊቱን ሱቅ የሚያገናኝ አንድ መስኮት አለ። ትኩሱን ዳቦ በትሪ አድርጎ በዚያ መስኮት የሚያቀብላት ጎፈሬ ነው። ዳቦ ለማቀበል ያን ያህል ጎንበስ ማለትና ያን ያህል መቆየት እንደሚያስፈልግ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ አላውቅም ነበር። ምድጃዬ ከመስኮቱ አጠገብ ስለሆነ የሚባባሉትን እሰማለሁ።

"ጎፈሬ የሚሉህ ለምንድን ነው?" አለችው አንድ ጠዋት። "እስቲ ኮፍያህን አንሳውና ልየው።"

"በሥራ ሰዓት ክልክል ነው" አላት። እጁ ኮፍያውን ጠበቅ አደረገ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ብገባ፣ ጎፈሬ ኮፍያውን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መርፌ ይዟል። በኮፍያው ጠርዝ ዙሪያ ጥቁር ፀጉር እየሰፋ ነው፤ ሴቶች የሚያስቀጥሉት ዓይነት፣ ጣት ጣት የሚያህል ተደርጎ የተቆረጠ። ኮፍያው ሲደረግ በጆሮ ግንድና በማጅራት በኩል ብቅ እንዲል ነው። ክር ያደረገው የዱቄት ጆንያ አፍ የሚሰፋበትን ነጩን ነው፤ ያን አንዱን ጫፍ ስትስበው ጆንያው በአንዴ ጥርግ ብሎ የሚከፈተውን። ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ክር ሲፈልግ ሌላ አይታየውም።

"ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ" አልኩት።

"ለማንም እንዳትናገር፣ አጎቴ። በእናቴ ይዤሃለሁ።"

እናቱ እህቴ ናት፤ ምን እላለሁ? ቃል ገባሁለት። ያን ዕለት ዳቦ ሲያቀብል ካሸሯ ትክ ብላ አየችውና፣ "ጎፈሬ፣ ዛሬ አምሮብሃል" አለችው። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ያን ፀጉር ከኮፍያው መለየት አልቻለም፤ እንዴት ብሎ?

ከኛ ጋር እትዬ ድቡልቡል አሉ። ሊጡን እየቆረጡ የሚያድቦለብሉት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ጎፈሬ ሥራ ሲገባ ሊጥ እንዴት እንደሚያዝ እጁን ይዘው ያሳዩት፣ የመጀመሪያ ሰሞን ያበላሸውንም ሁሉ የኔ ነው እያሉ ቁጣውን የተቀበሉለት እሳቸው ናቸው። የዳቦ ቤቱ ሥራ ከቀረባቸው በዚያ ዕድሜ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥራቸዋል? ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱ የቆመው በእጃቸው ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዳቦ የምናቀርብለት ሆቴል ዕቃ ገዢ በናፕኪን የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ይዞ መጣ። ሀላፊያችን ከሱ ጋር ጥቂት አወራና ሁላችንንም ሊጡ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበን። ካሸሯም በመስኮቱ በኩል አንገቷን አስግጋ ትሰማለች። ሀላፊው ከዳቦው መሀል አንድ ጥቁር ፀጉር በሁለት ጣቱ መዝዞ አወጣ። ጣት ያህላል።

"የማን ነው?" አለ።

ወደኔ ዞረና፣ "ያንተ እንኳ አይሆንም" አለ፤ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እነሱም ራሳቸውን የተላጩ ናቸው። ሀላፊው ዳቦውን ገለበጠው፤ ክብ ነው። ክቡን የሚሠሩት እትዬ ድቡልቡል ናቸው፣ ከሁላችንም ረጅም ፀጉር ያላቸውም እሳቸው ናቸው። የሀላፊው ሂሳብ እዚያ ላይ አለቀ።

"ሻሽዎን ጥብቅ አድርገው እንዲያስሩ ከዚህ በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዎታለሁ" አላቸው። "ሁለተኛው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።"

"ፀጉሩ የኔ አይደለም" አሉ እትዬ።

"ታዲያ የማን ነው?"

እትዬ ድቡልቡል ቀና አሉ። ዐይናቸው የጎፈሬ ኮፍያ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ወዲያው ደንገጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው መለሱት። ሻሻቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ያኔ ነው እንደሚያውቁ ያወቅኩት። ከልጁ አጠገብ ስንት ወር ቆመው እንዴት አያውቁ?

አፌን ልከፍት አልኩ፤ የእህቴ ልጅ ነው፣ መልሼ ገጠምኩት። እንደገና ልከፍት አልኩ። አንዱን ማዳን ሌላውን መስጠት ነበር። ጎፈሬን አየሁት። ፊቱ ከኮፍያው ብሶ ነጥቷል። እትዬ ወደሱ አይተው ዐይናቸውን እንደመለሱ እሱም አይቷል። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። ካሸሯ እዚያው ናት።

"ሂሳብዎን ከቢሮ..." ብሎ ሀላፊው ሲጀምር፣ ጎፈሬ "ፀጉሩ የኔ ነው" አለ።

"ያንተ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"ገዝቼው ነው።"

ኮፍያውን አወለቀና ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጥቁሩ ፀጉር ዙሪያውን ተንጨፍርሯል፤ አንድ ጎኑ ክሩ ላልቶ ሳስቷል። አናቱ ደግሞ ይኸውላችሁ ተብሎ እንደተሰጠ ሁላችን ፊት ነበር። መሀሉ ያብለጨልጫል፤ በጎንና በጎን የቀረችው ፀጉር ያረጀ ምንጣፍ ትመስላለች። ኮፍያው ያረፈበት ቦታ ላይ የዱቄት መስመር ቀርቷል። አንደኛው ተሸካሚ ሊስቅ ጀመረና የሚያግዘው ሲያጣ ወደ ሳል ለወጠው።

ሀላፊው ፀጉሩን አየ፣ ኮፍያውን አየ፣ አናቱን አየ። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያው በጎፈሬ ላይ እንዲጻፍ፣ ልጁም ለወሩ ከሊጥ ወጥቶ ጆንያ እንዲሸከም ወሰነ። እትዬን ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ "በሉ ወደ ሥራ" ብሎ የሆቴሉን ሰው ይዞ ወጣ።

እትዬ ድቡልቡል ኮፍያውን አነሱ። የክሩን ጫፍ ፈልገው አገኙና አንዴ ሳቡት፤ ያ ሁሉ ፀጉር እንደ ጆንያ አፍ ጥርግ ብሎ ወረደ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት። ከዚያ በሽርጣቸው ጫፍ የልጁን አናት ከዱቄቱ ጠረጉለት፤ ቀስ ብለው፣ የራሳቸውን ልጅ እንደሚያጥቡ። ኮፍያውንም መልሰው ራሱ ላይ ደፉለት።

"በል አድርግ" አሉት። "ደንብ ነው።"

መስኮቱ ላይ ሳይ ካሸሯ የለችም። ቀኑን ሙሉ ዳቦ ስናቀብላት ትሪውን ትቀበላለች እንጂ ቃል አይወጣትም፤ ቀናም አትልም። ጎፈሬ ጆንያ ተሸክሞ በዚያ ባለፈ ቁጥር ጀርባዋን ያያል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስንገባ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

"አየህ አይደል፣ አጎቴ?" አለኝ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ዛሬ ኮርቼብሃለሁ" አልኩት። "በእናትህ ወገን መላጣ ሞልቷል። ዛሬ አንተ ያደረግከውን ያደረገ ግን አላስታውስም።"

በሩ ተንኳኳ። ካሸሯ ናት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። እኔን ሰላም ብላ ለሱ፣ "ክሩ ነጭ ነበር" አለችው።

"ምን?"

"የሰፋህበት ክር። ፀጉሩ ጥቁር፣ ክሩ ነጭ። ጎንበስ ስትል ይታያል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ አምሮብሃል ያልሽኝስ?"

"ዐይንህ ቀልቶ ነበር፤ ጣትህን መርፌ ወግቶት በፕላስተር አሽገኸዋል። እንዲያ ደክመህበት ዝም ልበልህ?"

ጎፈሬ መሬት መሬት ያያል። "ዛሬ ግን ዝም አልሽኝ" አለ።

"ለደንበኛ ሁሉ መልስ ስሳሳት ነው የዋልኩት።" ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች። "የማን እንደሆነ እኮ ሀላፊው ከዳቦው ሲያወጣው ነው ያወቅኩት። አንተ ዝም ብትል እኔ እናገር ነበር፤ እትዬ አይባረሩም ነበር። አንተን ግን ዳግመኛ አላናግርህም ነበር። መስኮቱ ላይ ቆሜ ፀጉርህን አልነበረም የማየው፤ እጅህን ነበር። ወደ ኮፍያህ ይሄድ እንደሆነ ነበር የማየው።"

እኔ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ፤ የታሰረ ጫማ ነበር።

ጎፈሬ ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰ። የሥራ ኮፍያውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። የመንገዱን ኮፍያ ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሰደደ፣ ጥቂት ቆየና እጁን ባዶውን አወጣ። ከዚያ በሩን ከፈተላትና አብረው ወጡ።