ለመሀሉ ጉልበት

የነቀምቴው ራዲዮ ጠጋኝ ጉሉማ በዕድሜው ብዙ ደብዳቤ አልጻፈም። የጻፋት አንዲት ግን ጉድ አፈላችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም የሚታይበት የቀበሌው አዳራሽ ሦስት ስፒከር አለው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ከመጋረጃው ሥር መሀል ላይ። ሙዚቃው በግራና በቀኙ ይወጣል፣ የሰው ንግግር በመሀሉ። መሀሉ አቅም ስላጣ ግን ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ያመሻሉ። የባህል ኮሚቴው ሰብሳቢ ተረፋ፣ “ለመሀሉ የሚሆን አምፕሊፋየር አንተው ምረጥ” ብሎት ለስብሰባ ጊምቢ ሄደ። ጉሉማ ከተማው ውስጥ የተገኘውን ትልቁን የድምፅ ማጉያ አየና አልወደደውም፤ ያን ደካማ ስፒከር ያነደዋል። ስለዚህ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ለሚሄደው ወዳጁ፣ ለጉራጌው ባለሱቅ ለወልደዮሐንስ፣ ማስታወሻ ጽፎ ሰጠው፦

“ግራና ቀኙ እየጮኹ መሀሉን አፍነውታል። ትልቁን አልፈልግም፣ መሀሉን ያቃጥለዋል። ለመሀሉ ጉልበት የሚሰጥ አነስ ያለ ፈልገህ አምጣ። ጉሉማ።”

በዚያ በአብዮቱ ዘመን! ሰው ቀኝ መንገደኛ ነህ፣ መሀል ሰፋሪ ነህ እየተባለ በሚታሰርበት ዘመን! እንግዲህ ምን ይባላል።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት የአብዮት ጥበቃው ጨመዳ አስጠራው። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች።

“ትልቁ ማነው?”

“አምፕሊፋየር ነው፣ ጓድ ጨመዳ።”

“መሀሉስ?”

“ስፒከር።”

“ስፒከርም መሀል ሰፋሪ አለው?” ጨመዳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። “ይህን አጻጻፍ ማን አስተማረህ?”

“አዳራሹ ሄደን እንየው” ማለት ነበረበት ጉሉማ። አላለም፤ ዓይኑ ከወረቀቷ አልነቀል አለው። ወልደዮሐንስ ኪስ የገባች ወረቀት እንዴት እዚህ ደረሰች? ባለፈው ወር ወልደዮሐንስ ከጨመዳ ጋር ቆሞ ሲሳሳቅ አላየም? ወረቀቷንስ ሲቀበል ለምን ሁለቴ አነበባት? ሸጦኛል! ደሙ ፈላ። ፈርቶም ነበር፣ በጣም ፈርቶ ነበር።

“ወልደዮሐንስ ነው እንዲህ ጻፍልኝ ያለኝ” አለ። “ትርጉሙን እሱን ጠይቁት።”

ጨመዳ ቃሉን ጽፎ አስፈረመው።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ወልደዮሐንስ አቧራ እንደለበሰ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ዕቃ ታቅፎ ገባ።

“አከም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ!” አለ፤ ጉሉማን ሁልጊዜም በኦሮምኛ ነው ወንድሜ የሚለው። ከዚያ ወደ ጨመዳ ዞረ። “ጓድ፣ ስሄድ ኬላ ላይ ፈትሸው ወረቀቱን ወሰዱብኝ። ይህ ሰው በከንቱ ይጠረጠራል ብዬ ስጨነቅ ከረምሁ፤ ከአውቶቡስ እንደወረድሁ ቤቴም ሳልገባ መጣሁ። አምፕሊፋየሩ ይኸው፣ አዳራሹ ውስጥ ገጥማችሁ ስሙት። ለጉሉማ እኔ ዋስ ነኝ።”

ጉሉማ፣ “ጓድ፣ ያ ቃሌ...” ብሎ ጀመረና ተወው።

ጨመዳ የተፈረመውን ወረቀት አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

“ራስህ መጣህልን፣ ወልደዮሐንስ። ተቀመጥ።” ለጉሉማ በአገጩ በሩን አሳየው። “አንተ ጨርሰሃል፣ ሂድ።”

ወልደዮሐንስ ምንም አልገባውም። ወዳጁ በመለቀቁ ፊቱ በራ።

“አይዞህ፣ ሂድ” አለው እሱም። “እኔ አስረዳቸዋለሁ።”

ጉሉማ ሄደ።