አራተኛው ሚክሰር

አስማማው የኮሌጅ መምህር ነው፤ የሚያስተምረውም ስታቲስቲክስ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በግምት የማይታማ ሰው ቢኖር አስማማው ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ነበረ፤ ራሱ አስማማው።

ከሚስቱ ከጽጌ ጋር ወደ ዘንዘልማ መውጫ ቤት መሥራት ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ጽጌ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ደመወዝተኞች ስለሆኑ ቤቱም የሚያድገው እንደ ደመወዛቸው ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ቆሞ። እንደምንም መሠረቱ ወጣ፣ ቋሚው ቆመ፣ ግድግዳው ተነሣ። የቀረው ሶሌታው ነበር፤ ለምድር ቤቱ ጣራ፣ ለፎቁ ወለል የሚሆነው የአርማታ ንጣፍ። ፎቁ ሲያልቅ ጣና ቁልጭ ብሎ ይታያል ተብሏል። ያለው ቦታውን ያሻሻጠው ደላላ ነው። እስካሁን ቁልጭ ብሎ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው።

የቆርቆሮው ባለቤት እትዬ ባንቺአየሁ ይባላሉ። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ግን የብዙ ሰው የሆነ ሴት ናቸው። አስማማው ግቢውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ካደረገው ወዲህ የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ቀይሮ በእሳቸው በር መግባት ጀመረ። አንድ ክረምት ጓዳቸው ድረስ ዘልቆ የበርበሬ ጆንያቸውን አበላሸባቸው። መጥተው ቢነግሩት፣ አስማማው በትዕግሥት አዳመጣቸውና፣ “እትዬ፣ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው” ብሎ አስረዳቸው። ለተማሪዎቹ በክፍያ የሚሰጠውን ትምህርት ለእሳቸው በነፃ መስጠቱ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለቱ በሮች መካከል ሰላምታ ቆመ።

ወደ ሶሌታው እንመለስ። አርማታውን በአካፋ ከማቡካት ይልቅ በሚክሰር መኪና የተዘጋጀ አስመጥቶ በአንድ ቀን መሙላት ይሻላል ተባለ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሚበቃ ማወቅ።

ፕላኑን የሠራው ብሩክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። አስልቶ፣ “ሃያ አንድ ኪዩብ ነው ጋሼ። የሚፈሰውንና የሚባክነውን ደምሬበታለሁ” አለ። ንግግሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። አስማማው የመጀመሪያውን ሰማ፤ ሁለተኛው ሲነገር ስልኩ ጠርቶ ነበር።

የሰው ስሌት ሳይመረምር የሚቀበል ምሁር ደግሞ ምሁር አይደለም። አስማማው ቅዳሜ ከሰዓት ሜትሩን ይዞ ወጣ። ርዝመቱን ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ በውፍረቱ አባዛ። ያገኘው ከብሩክ ቁጥር ያነሰ ሆነ። ደስ አላለውም። ከዚያ ሶሌታውን የሚሸከሙትን የአርማታ አግዳሚዎች መርሳቱን አስታወሰና እነሱንም ጨመረ። አሁን ከሃያ አንድ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር መጣ፤ ይኼም ልጁ በትክክል እንደሠራ ያሳያል። አስማማው ግን ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ለስሕተት ቦታ አልተወም። ስለዚህ ሁለት ኪዩብ ጨመረበት። ይኼን በሙያው ቋንቋ “የስሕተት ኅዳግ” ይለዋል። ሃያ ሦስት።

ሥራውን የያዘው ፎርማን መልካሙ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። ሃያ ሦስት መባሉን ሲሰማ ለአስማማው አንገቱን ነቅንቆ፣ “ጥሩ ነው የኔታ” አለ። ዘወር ብሎ ግን ጽጌን አገኛትና፣ “እታለም፣ መምህር ሰው ሁልጊዜ ቆንቋና ነው። ሶሌታ መሐል ላይ ከጎደለ ቤቱ በሽተኛ ሆኖ ይቀራል። ሃያ አምስት አድርጊውና እኔም ልተኛ” አላት። መልካሙ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም፤ እሷ ግን አዘነችለት።

በዚያው ሰሞን የጽጌ አባት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ለሶሌታው ቀን ሊገኙ ከቁንዝላ መጡ። ዕድሜያቸውን በቅኔና በድጓ የጨረሱ ሊቅ ናቸው። ስለ ኮንክሪት ምንም እንደማያውቁ አልሸሸጉም። ይሁንና የማያውቁትን ነገር በዝምታ የሚያልፍ አባት የትም አገር የለም። “ልጄ፣ እኔ የዚህ ዘመን ሥራ አይገባኝም፤ ነገር ግን ቤትና ድግስ ሲጎድልባቸው ያሳፍራሉ። አትሳሺ” አሏት።

አርማታውን በስልክ የምታዝዘው ጽጌ ነበረች። ሃያ አምስት ስትል የድርጅቱ ሰውዬ፣ “አንዱ መኪና ሰባት ኪዩብ ነው የሚጭነው። አራተኛው ጎደሎ ሆኖ ይመጣል፤ ይሁን?” አላት። ጎደሎ የሚለው ቃል በአባቷ ድምፅ ተሰማት። “ግዴለም፣ ሙሉውን ላኩልን” አለች።

እንዲህ ሆኖ ሃያ አንዱ ሃያ ስምንት ሆነ። የጨመረ ሁሉ ለሌላው አልነገረም። መተሳሰብ ነው እንግዲህ፤ እርስ በርስ ላለመጨናነቅ።

የሙሌቱ ቀን ሙክት ታረደ፣ ጠላ ተቀዳ፣ አርማታውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። አስማማው ለፎቶ ብሎ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። የመጀመሪያው ሚክሰር መጣና አራግፎ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው ሲያልቅ መልካሙ የመጨረሻውን ጥግ አስተካክሎ ወገቡን ቀና አደረገ። ሶሌታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ እንደ ቅቤ ተለስልሶ ተኝቷል። ሴቶቹ እልል አሉ።

አስማማው ንግግር ማድረግ አለብኝ ብሎ አሰበ። ማንም አልጠየቀውም።

“ወገኖቼ፣” አለ የብሎኬት ክምር ላይ ወጥቶ፣ “አገራችንን ወደ ኋላ ያስቀራት በግምት መኖር ነው። ይኼ ሶሌታ ግን፣ እንደምታዩት፣ አንድ ባሬላ ሳይተርፍ አንድ ባሬላ ሳይጎድል...”

ንግግሩን የቆረጠው የሞተር ድምፅ ነበር። አራተኛው ሚክሰር ጎርደድ ጎርደድ እያለ ሆዱን እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

“የት ልድፋው?”

“ምኑን?” አለ አስማማው።

“ሰባት ኪዩቡን ነዋ።”

አስማማው ከብሎኬቱ ወረደ። “እኔ ሃያ ሦስት ነው ያልሁት። ሦስቱ መኪና ሃያ ሦስቱን የጨረሰ መስሎኝ! ማነው ሌላ ያዘዘ?”

ጽጌ ነጠላዋን አስተካከለች። “መልካሙ ሃያ አምስት በይ አለኝ። ከዚያ ጎደሎ ይመጣል ሲሉኝ፣ አባቴም አትሳሺ ስላሉኝ፣ ሙሉ አደረግሁት።”

“እኔማ የኔታ ቀንሰው ይሆናል ብዬ ነው” አለ መልካሙ።

“ምን እቀንሳለሁ? ሁለት ጨመርሁበት እንጂ! ብሩክ ብክነቱን ስላልያዘው...”

ብሩክ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ “ጋሼ፣ ደምሬበታለሁ ብዬህ ነበር እኮ” አለ።

ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞሩ፤ እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ጀመር።

“መልሰው” አለ አስማማው ለሾፌሩ።

“ወዴት? ከተጫነ ቆይቷል፤ ፀሐዩንም ታየዋለህ። ሆዱ ውስጥ ከደረቀ መኪናው እዚሁ ሐውልት ሆኖ ይቀርልሃል። ካልፈለግከው ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብዬ...”

መሪጌታ ይኼኔ ከሰማይ ተመለሱ። “ጣና ላይ? እምቦጩ አንሶት ነው ደግሞ አርማታ የምታበላው?”

ሾፌሩ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ይፍሰስ እንዳይባል የውኃና የፍሳሽ ቱቦው ገና አልተቀበረም። መልካሙ ዙሪያውን ቃኘና ከበሩ ውጭ ጎርፉ ወደ ቦረቦረው መንገድ ጠቆመ። ቦይ የመሰለው ጉድጓድ ከአስማማው በር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚደርሰው ደግሞ እትዬ ባንቺአየሁ በር ላይ ነው። እሳቸውም ቀድመው በራቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ትርኢቱን ይመለከቱ ነበር።

“አንዲት አካፋ ወደዚህ ብትፈስ ፖሊስ እጠራለሁ!” አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጽጌ ባሏን በክርኗ ገፋችው። “ሂድ ለምናቸው።”

“እኔ?”

“የተፈጥሮ ሕግ ያስተማርኻቸው አንተ አይደለህም?”

አስማማው በዚያ አዲስ ጫማ የተቦረቦረውን መንገድ እየዘለለ ሄደ። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላም ያላላቸውን ሴት፣ “እትዬ፣ እንዴት አደሩ?” አላቸው።

“እግዜር ይመስገን። ደረቅ አደርሁ፤ በጋ ነው።”

“ያው... ትንሽ አርማታ ተርፎን ነበር። መንገዱ ላይ ብናፈሰው ለሁላችንም...”

“ወደኔ ቢመጣስ?”

“አይመጣም።”

“እንዴት አይመጣም? ወደ ዝቅተኛ ቦታ መሄድ የለበትም እንዴ? ሕጉን ቀየራችሁት?”

ከኋላው ሠራተኞቹ ሲስቁ ሰማ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “በበርበሬው ነገር አጥፍቻለሁ፣ እትዬ። ያን ቀን መጥቼ ውኃውን መቅዳት ሲገባኝ ትምህርት ሰጠሁዎ” አለ።

እትዬ ባንቺአየሁ ፊቱን አዩት፣ ጫማውን አዩት፣ የሚሽከረከረውን መኪና አዩት። ገበያቸውን ያውቃሉ፤ ሻጩ እንደቸኮለ ገብቷቸዋል።

“ከቤቴ በር ፊት ከፍ ያለ ደፍ ይሠራልኝ። ከዚያ ውኃው በጎን ዞሮ ወደ ትልቁ ቦይ የሚወርድበት መሄጃ ይበጅ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ መቀመጫ፤ እኔ ማታ ማታ የምቀመጥበት። ሠራተኞቹ ብቻ አይሠሩትም፤ አንተም አካፋ ያዝ።”

“መቀመጫ?”

“ተርፎናል አላልህም?”

አስማማው ኮቱን አውልቆ ለመሪጌታ ሰጠ። ሙክቱ ወጥ ሆኖ እየቀዘቀዘ፣ እንግዶቹ እየተቁነጠነጡ፣ መላው ሰፈር ሥራ ገባ። መልካሙ የተረፈውን ሳንቃ ለቅርጽ አጋደመ፣ ብሩክ በክር የውኃውን መውረጃ ተዳፋት ለካ፣ እትዬ ባንቺአየሁ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሁሉንም ያዝዙ ነበር። ትእዛዛቸው ሁሉ ልክ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ደፉን ከፍ አድርጉ፣ ጨምሩ፣ ጨምሩ ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ ለራሳቸውም እግር የሚከብድ አደረጉት። መቀመጫውም አንድ ጎኑ ዝቅ አለ። አስማማው ግን ያን ዕለት ስለ መጠን አስተያየት ለመስጠት የሞራል አቅም አልነበረውም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አመድማ ሆኖ፣ እጁ ውኃ ቋጥሮ፣ ሚክሰሩ ባዶ ሆዱን እያንኳኳ ሲሄድ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። የሚገርመው፣ ሶሌታው ሲሞላ ያልተሰማው ደስታ ያኔ ተሰማው።

ወጡ ሞቀና ተበላ። መሪጌታ እትዬ ባንቺአየሁን ራሳቸው ሄደው ጋበዟቸው። መጡ፤ ብዙም በሉ።

ወደ ተከራዩት ቤት በባጃጅ ሲመለሱ፣ ጽጌ፣ “‘አንድ ባሬላ ሳይተርፍ’...” ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም፤ ሳቅ አፈናት። አስማማው ሊቆጣ አስቦ ነበር። እሱም ሳቀ፤ የባጃጁ ነጂ በመስተዋቱ እስኪያያቸው ድረስ።

ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ ጣና ራሱ ወደ ከተማ የወጣ ይመስል ነበር። ውኃው ከአስማማው በር ተንደርድሮ ወረደ፣ ደፉ ጋ ሲደርስ ዞረ፣ ጉርጉር እያለ ወደ ትልቁ ቦይ ገባ። እትዬ ባንቺአየሁ ዣንጥላ ይዘው ቆመው አዩት። ጓዳቸው ደረቅ ነበር።

የሰፈሩ እድር በሚቀጥለው ስብሰባ አስማማው “ከራሱ ቤት አስቀድሞ ለሕዝቡ መንገድ አስቦ፣ አቅዶ፣ በሚገባ አስልቶ” ላደረገው በጎ ሥራ ምስጋና አቀረበ። ሰው አጨበጨበ። አስማማው ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ማስተባበል የሚባል ነገር በአእምሮው አላለፈም። ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ ሲወጣ ጠብቀው፣ ለቤታቸው ስንት ኪዩብ እንደሚበቃ እንዲያሰላላቸው ለመኑት። ቀጠሮ ሰጣቸው።

መስከረም ሲጠባ የፎቁ መወጣጫ ደረጃ ተራ ደረሰ። ጽጌ ሳንቃዎቹን ልትቆጥር አንድ ጠዋት ስትመጣ፣ እትዬ ባንቺአየሁ ከዚያ ከተንጋደደው መቀመጫቸው ላይ ሆነው ጠሯት።

“እታለም! ደረጃውን መቼ ነው የምትሞሉት?”

“ገና ነው እትዬ። አስማማው ስንት እንደሚፈጅ እያሰላው ነው።”

እትዬ ባንቺአየሁ ዞር ብለው ያልተነጠፈውን የግቢያቸውን ጭቃ አዩ።

“እሱ ራሱ ያስላው፣” አሉ። “ሌላ ሰው እንዳታስገቡበት።”