ክፍል ሁለት በሙሉ

የላቦራቶሪው ባለሙያ ደውሎ «ሲስተር፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» ሲለኝ ቆሜ ነበር፤ ቆሜም ሰማሁት። ከእስር ቤቱ ክፍል ሁለት የላክሁት አክታ በሙሉ የሳምባ ነቀርሳ ተገኝቶበታል። በሙሉ! አንድም ነፃ የለም።

ክው አልኩ። «እስቲ እንደገና እየው» ስለው «ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አለኝ። ተጨናንቆ የሚተኛ ሰው በሽታ እንደሚጋባበት አጥቼው አይደለም። ግን አንድ ሳይቀር? ይሄማ በሬ ወለደ ነው።

እስር ቤቱ ከከተማ ርቆ ገጠር ውስጥ ነው፤ ሐኪም የሚባል የለውም። ያለሁት እኔ ነኝ፣ አልፎ አልፎ ከጤና ጣቢያ ብቅ የምል ነርስ። እስረኞቹ ይመርመሩ እያልኩ አለቃውን ስለምን ምላሴ ፀጉር አብቅሏል። እሺ ሲለኝ የአክታ ዕቃውን አደልኳቸውና ጠዋት ሲነሱ እንዲተፉበት ነገርኳቸው፤ የሆነው ይኸው ነው።

አለቃው ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ክፍሉን አሽገዋለሁ! ማንም አይገባ፣ ማንም አይወጣ!»

«ሰው ነው የሚያሽጉት ወይስ ጆንያ?» ብዬው ጥዬው ወደ ክፍሉ ገባሁ።

ውጤቱን ለእስረኞቹ ነገርኳቸው። ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያስሉት፣ ሁሉም «አባባ» የሚላቸው ሽማግሌ ብቻ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይሄማ አይሆንም። የተፋው እኮ አንድ ሰው ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«በሽታ የተገኘበትን ሰው ከጓሮ ያለው መጋዘን ያስገቡታል። መስኮት የለው፣ ጠያቂ አይደርስበት። እኔ ደግሞ ልጄን ሳላይ መክረም አልችልም። እነዚህ ልጆች ሳሌን ሰምተው አዘኑልኝ። ሌላውም ለራሱ ፈራ። በመጨረሻ ጤነኛው ለሁላችን ይትፋልን ተባባልን።»

«ጤነኛው ማነው?»

ዓይን ሁሉ ክሬኑ ወደሚሉት እስረኛ ዞረ። በርሜል ሙሉ ውኃ ብቻውን ስለሚያነሳ ነው ክሬኑ ያሉት። እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እኔ? ኧረ ሲስተር፣ እኔን እኮ ጉንፋንም አያውቀኝ! ሌሊት ትንሽ ያልበኛል እንጂ…»

የሌሊት ላብ የዚሁ በሽታ ምልክት ነው። ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

አለቃው ለካ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «መጋዘን ይግባ» አለ።

«መጀመሪያ መጋዘኑ መስኮት ይውጣለት፤ ጠያቂም ከውጭ ቆሞ ያናግረው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፣ በቁሙ የሚቀበርበት ምክንያት የለም። አለዚያ ነገም ይዋሹኛል፤ እኔም ብሆን እዋሻለሁ!»

«ለእስረኛ መስኮት? ሆቴል መሰለሽ እንዴ?»

ክሬኑ ወደ አለቃው ዞረ።

«አለቃ… ቤትዎ እንጨት ስፈልጥ ከርሜ የለም? ትንሿ ልጅዎ ከእኔ አትለይም ነበር። ዝናብ ሲመጣ ማገዶ ቤቷ ውስጥ ገብተን፣ በር ዘግተን፣ ተረት ሳወራላት ነው የምንውለው። ሰሞኑን ታስላለች አላሉኝም?»

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። በሩን እንደያዘ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጉንፋን ነው ብዬ ማር አበላኋት» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «አሁን ላምጣት ሲስተር?»

«አሁኑኑ! እነዚህም አንድ በአንድ፣ ደጅ ወጥተው፣ ዓይኔ እያየ ይተፋሉ። እርስዎ ሲመለሱ ግንበኛ ይዘው ይምጡ።»

ቆቡን ጥሎ ሮጠ። የመስኮቱን ነገር አንድ ቃል አልተከራከረኝም።

ክሬኑ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ «ልጅቷ ትድናለች?» አለኝ።

«ትድናለች» አልኩት። ስለራሱ እስኪጠይቀኝ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልጠየቀኝም።