ሠላሳ አራት በመቶ

ዝናቡ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። ላቮን ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ባትሪው አራት በመቶ ቀርቶታል፤ ኔትወርክም የለውም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ኬርኒ ከተማ ወዳለው ቢሮ ደውላ «አዎ፣ እገባበታለሁ» ካላለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረፋ የጠበቀችለት የጡረተኞች አፓርታማ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነው የሚጠብቀው።

መልእክቱ የደረሳት ሰኞ ዕለት ነበር። ያኔውኑ መደወል ስትችል፣ መጀመሪያ ለባሏ ለኦርቪል ልንገረው ብላ አንድ ቀን አሳደረችው። ጉድ የሠራት ያ አንድ ቀን ነው። ሰኞ ማታ ዝናቡ ጀመረ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን መንገድ ቆረጠው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ኦርቪል የኔትወርክ ማጉያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ «ይሄ ባትሪ ይበላል» አለና ወሰደው። ማጉያው ስልኩ እላዩ ላይ ካልተቀመጠ አይሠራም፤ ያለ እሱ ደግሞ በዚህ በረሃ ስልክ ከድንጋይ አይለይም።

ለባሏ ያልነገረችው ፈርታ ብቻ አይደለም። ኬርኒ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ይህን የሚኖሩበትን ቤት መኪና ሲገዙ «ሁለት ክረምት እንሞክረው» ተባብለው ነበር። አሁን አራተኛው ክረምት ነው። ኦርቪል በሰባ አራት ዓመቱ እንደ አዲስ ሙሽራ ሆኗል። ሶላሩን ራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገጠመ፣ ባትሪዎቹን ራሱ አሰረ፣ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው የሚያሳየውን ቆጣሪም ከበሩ በላይ ራሱ ለጠፈው። ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፤ እሱ ቆጣሪ ያነባል። እዚህ በረሃ የሚከርሙት ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ካዩ በአገጫቸው ይጠቋቆሙበታል። ኦርቪልማ ጭራሽ ጄኔሬተሩን ባለፈው ወር ሸጦ ተገላገለ። ላቮን ግን በር ያለው መኝታ ቤት ናፍቋታል። ገብታ የምትዘጋው በር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«ኦርቪል፣ ያቺን ማጉያ ለግማሽ ሰዓት ስጠኝ እስቲ» አለችው።

ኦርቪል የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ደመናውን ያያል። ዞር ሳይል በጣቱ ወደ ቆጣሪው ጠቆመ።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ አራት።»

«ትናንት ስንት ነበር?»

«ኦርቪል፣ የልጅ ጥያቄ አትጠይቀኝ።»

«ሠላሳ ስምንት ነበር። በቀን አራት፣ አምስት ብቻ እየበላን ነው። ይሄን የሚያደርግ ሌላ ሰው በዚህ በረሃ የለም፣ የኔ እመቤት። ፀሐይ እስክትወጣ ማሞቂያና የውሃ ፓምፕ፣ በቃ። ሌላው ቅንጦት ነው።»

«ፀሐይዋ መቼ ነው የምትወጣው?»

«ትወጣለች።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ላቮን።

«ለማን ነው የምትደውዪው ደግሞ? ለጆሊን ከሆነ ልጅሽ ትጠብቃለች፤ ሁሌ ስትጠብቂያት አልነበር?»

ላቮን አፏን ከፈተች። ልትነግረው ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሳለ ኦርቪል ፈገግ ብሎ ዞረና፣ «ደግሞ ማንበቢያ መብራትሽን ካጠፋሽ ወዲህ እንቅልፍሽ እንዴት እንደተስተካከለ አላየሽም?» አላት። በቀልድ ነው የተናገረው። እሷ ግን አራት ቀን ሙሉ በጨለማ ግድግዳውን ስታይ ነበር ያደረችው። ሆድ ይፍጀው ብላ አፏን ዘጋች።

ትናንት ሐሙስ ሞተሩን እናስነሳና እሱ ባትሪውን ይሙላው ብላው ነበር። «ቤንዚኑ ለመውጫ ነው» አላት፤ እውነትም መሰላት። ሁሉም ነገር እውነት ይመስላት ነበር። ቁጥሩ ከበሩ በላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ቁጥር ደግሞ አይዋሽም። መብራቷን የሰጠችው፣ የእጇን ውሃ የሰጠችው፣ ቡናዋን ቀዝቃዛ የጠጣችው ለዚያ ቁጥር ብላ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የማሞቂያው ማራገቢያ እያቃሰተ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። ከወለሉ ስር አንድ ነገር ጠቅ አለ። ላቮን ቀና ብላ ስታይ ሠላሳ አራት የሚለው ቁጥር የለም፤ ቆጣሪው ጥቁር መስታወት ሆኗል። የእጅ መታጠቢያውን ከፈተችው፤ አንድ ጠብታ ጣለና ቆመ።

«ምን ነካካህ?» አለችው።

«እኔ? እኔ ምንም አልነካካሁም።» ኦርቪል ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ባትሪው ራሱን አጠፋ። ይሄ ባዶ ሲሆን ነው የሚያደርገው። ባዶ ሊሆን አይችልም። ሠላሳ አራት ነበረ።»

«እንግዲህ ሠላሳ አራቱ የት ሄደ?»

ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ላቮን ጃንጥላ ይዛ ተከተለችው፤ ሰውዬው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ በዚህ ዕድሜ የበረሃ ዝናብ ቀልድ አይደለም። በጎን በኩል ያለውን የባትሪ ሳጥን ከፍቶ ተንበርክኮ ያይ ጀመር። እሷ ከላይ ጃንጥላውን ይዛ አየች። ወፋፍራሞቹን ገመዶች ታውቃቸዋለች፤ ሲያስራቸው ፋኖስ ይዛለት ነበር። ሁሉም በአንዲት የነሐስ ቁራጭ በኩል ያልፋሉ። ያቺ ቁራጭ ናት የምትቆጥረው፤ በእሷ ያላለፈ አይቆጠርም፤ ይህን ራሱ ኦርቪል ለሰው ሁሉ ሲያስረዳ መቶ ጊዜ ሰምታለች።

ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን በነሐሷ አያልፉም። ከራሱ ከባትሪው ጫፍ ተነስተው፣ በወለሉ ቀዳዳ ሽቅብ ወደ ሹፌሩ ወንበር ይሄዳሉ።

«እነዚህ ምንድናቸው?»

«አሮጌ ናቸው።»

«አሮጌ ናቸው?» አለች ላቮን። ጃንጥላውን አስያዘችውና ተመልሳ ገባች።

ሽቦዎቹ የሚወጡት ከሹፌሩ ወንበር ጎን ካለው መሳቢያ ነው። ስትስበው ተቆልፎ አልነበረም፤ እሷ የእሱን መሳቢያ ከፍታ ስለማታውቅ ቁልፍ አላስፈለገውም። የኔትወርክ ማጉያው ውስጡ ተቀምጧል፣ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። እላዩ ላይ የኦርቪል ታብሌት፤ መቶ በመቶ። ስትነካው ተከፈተ። የበረሃ ከራሚዎቹ የሚጻጻፉበት ገጽ ነው። የቆጣሪው ፎቶ ከነቁጥሩ ተለጥፏል፤ ከስሩ ኦርቪል እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

«አምስተኛ ቀን። ፀሐይ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ ሞተርም አልነካሁም። ሠላሳ አራት በመቶ። ሰባት ቀን እንደምሞላ ነግሬያችሁ አልነበር? ሚስቴም ተመችቷት ቁጭ ብላለች።»

ሰማንያ ሁለት ሰው አድንቆታል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። አንዱ «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች?» ብሎ ጽፎለታል፤ ኦርቪልም «አንድ ብቻ ናት፣ እሷንም ይዣታለሁ» ብሎ መልሷል።

ላቮን ደጋግማ አነበበችው። ይዣታለሁ። አልቅሳ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ እንባ ግን አልመጣላትም፣ የመጣባት ንዴት ነው። አራት ቀን ሙሉ ቀንም ሌትም ይህ መሳቢያ ባትሪውን ሲጠጣ፣ እሷ ጥርሷን በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ትቦርሽ ነበር።

ኦርቪል ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ውሃ ያንጠባጥባል። ታብሌቱን እጇ ላይ አየው።

«ትንሽ ነገር እኮ ነው» አለ። «ይሄን ያህል ይበላል ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለምን በቆጣሪው አላሳለፍከውም?»

«ቁጥሩ እንዳይበላሽ ብዬ ነዋ።»

እንዲህ ብሎ አመነ። ላቮን ግድግዳው ላይ ያለችውን በድንጋይ የምትሠራ ሰዓት አየች፤ ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ይላል። ማጉያውን ከሽቦው ነቀለችው። የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች፤ በአራት ዓመት አንድ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። መኪና ሲሄድ ስልኳን የምትሰካበት መሪው ጎን ያለው ቀዳዳ ግን የእሷ ነው፣ በጨለማም ታገኘዋለች። ማጉያውን ሰካች፣ ስልኳንም ሰካች። ቁልፉ ሁሌም ከመሪው አይነቀልም፤ የሞተሩ ባትሪ ደግሞ ከቤቱ ባትሪ የተለየ ነው።

«ላቮን፣ ተይ።»

«ምኑን ልተው?»

«ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ሰባት ቀን ብያለሁ። ሞተር ካስነሳሽ በቃ፣ አለቀ። ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ሚስቴ ተመችቷታል ብለህ ጻፍ» አለችና ቁልፉን ጠመዘዘችው።

ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ተነሳ። ቤቱ ሁሉ፣ ሳህኑም ብርጭቆውም ተንቀጠቀጠ። ስልኳን ማጉያው ላይ አስቀመጠችው። አንድ መስመር ኔትወርክ መጣ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ሁለት ሆኖ ተመለሰ። ደወለች። ጠራ። ጠራ። ለዘጠኝ ሰባት ደቂቃ ሲቀር አንዲት ሴት አነሳችው፤ ታሚ ትባላለች፣ የአፓርታማው ቢሮ ሠራተኛ ናት። ላቮን ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ ስልኩን ካነሳችው ይቋረጣል።

«ወይዘሮ ክላሰን? ልዘጋው ስል እኮ ነው የደረሱብኝ» አለች ታሚ። «ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ አንድ መኝታ። ይገባሉ ወይስ አይገቡም?»

«እገባለሁ።»

ኦርቪል እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። ጃንጥላውን ሳይዘጋው ቤት ውስጥ ይዞት ቆሟል።

«ጥሩ። ቅጹ ላይ የሁለት ሰው ስም ነው ያለኝ፤ እርስዎና አቶ ኦርቪል። እንዳለ ልላከው?»

ላቮን ባሏን አየችው። ሃምሳ አንድ ዓመት ያየችው ፊት ነው። ያን ቅጽ ስትሞላ ስሙን ከራሷ ስም አስቀድማ ነበር የጻፈችው፤ አንድ ቀን እሺ ይላል ብላ። አሁን እሺ በል ብትለው እንደሚል ፊቱ ላይ አየች። ይመጣል። መጥቶም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ቆጣሪ ይለጥፋል፣ እሷም ስንት እንደሚል ተጠይቃ ትመልሳለች።

«ወይዘሮ ክላሰን? ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ» አለች ላቮን። «አቶ ኦርቪልን ሰርዢልኝ። እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዎን። እሺ፣ ተደርጓል። እንኳን ደስ ያለዎት» አለች ታሚ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሞተሩ ይሠራል። ባትሪው ከሞተሩ ጥቂት ጉልበት አገኘ መሰል ከወለሉ ስር ጠቅ ብሎ ነቃ፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ሙቅ አየርም መጣ። ቆጣሪውም በራ። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩትም።

ኦርቪል ጃንጥላውን ቀስ ብሎ አጠፈ። የሚያስቀምጥበት ቸገረው፤ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሳው።

«መቼ አመለከትሽ?» አላት።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ልነግርህ ስል ቆጣሪ አሳየኸኝ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

ውጭ ወንዙ ሲያጓራ ይሰማል። እንዲህ ሲሞላ ሁለት ቀን ሳይቆይ እንደማይጎድል፣ ዝናቡ ካላባራ ደግሞ ሦስትም አራትም እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እርጥቡን ጃኬት አውልቅ» አለችው። «ብርድ ይመታሃል።»

አወለቀው። ከዚያ እሷን በጎን አልፎ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ ምድጃውን አልፎ ሄደና አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ከዚያ የሚርቅ ቦታ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።