ደጅ መውጣት

አቶ ቦልቴ ከሻንቶ ወደ ሶዶ ሲመጡ ሕመማቸውን ለማንም በግልጽ አልተናገሩም ነበር። ለልጃቸው ለክብረት በስልክ ያሉት «ትንሽ አሞኛል፣ ሐኪም ቢያየኝ ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ክብረት የሚሠራው አረካ ነው፤ ፈቃድም አላገኘም። ስለዚህ አባቱን ሆስፒታል የመውሰዱ ነገር በሚስቱ በአስካለች ላይ ወደቀ።

አስካለች ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስታነብና ስትጽፍ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ወላይትኛ ነው። አማቷ ግን አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። አስተርጓሚዋም እሷ ሆነች።

ሐኪሙ ዶክተር ሐብተማርያም ከጎጃም መጥቶ ሥራ ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነው። «አባባ፣ ምን ያስቸግርዎታል?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ቦልቴ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መስኮቱን እያዩ በወላይትኛ መለሱ። ያሉት ቃል በቃል ሲመለስ «ውጭ መውጣት አቅቶኛል» ነው።

አስካለች ወዲያው ገባት። እናትና አባቷ ሽንት የሚለውን ነገር በስሙ ሲጠሩ ሰምታ አታውቅም፤ ውጭ ወጣ፣ ውጭ ወጣች ነው የሚሉት። የአማርኛ አቻውም አልጠፋባትም፤ ደጅ መውጣት ይባላል። ግን አጠገቧ የተቀመጡት የባሏ አባት ናቸው። በትዳር በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ከእሳቸው ጋር ያወራችው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎደሬና ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊቷ ሲሞቅ ተሰማት።

«ከቤት መውጣት ያስቸግራቸዋል» አለች።

«መቼ ጀመራቸው?»

«ስምንት ወር ሆናቸው።»

«ሲነሱ ይብስባቸዋል?»

ይህንንም ጠየቀቻቸው። አቶ ቦልቴ ሌሊት ለሽንት የሚነሱትን አስበው አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አጥፎ ዘረጋው፣ ዙሪያውን ተጫነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፣ ከዕድሜ ጋር ይመጣል ብሎ ክኒንና ቅባት አዘዘ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲራመዱም መከረ። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ነበረ።

በሩ ላይ ባጃጅ ሲጠብቁ አቶ ቦልቴ ቅባቱን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ጉልበቴን ምን ሆነ ብሎ ነው የነካካው?»

«የሐኪም ነገር ነው፣ አዋ» አለች። አዋ አባት ማለት ነው፤ ክብረት እንደሚጠራቸው ትጠራቸዋለች። «ሁሉም ነገር ይያያዛል ይላሉ።»

«እንደዚያ ይሆናል» አሉና ቅባቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመልሳ ፋይል ስትደረድር ነገሩ አልለቀቃትም። አለቃዋ ከስብሰባ ሲወጡ «እጄን ልታጠብ» ይላሉ። አብራት የምትሠራው ሴት «ዞር ብዬ ልምጣ» ትላለች። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ቶይሌት ይሉታል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ይላል። ተማሪ ሳለች እሷም እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ልውጣ?» ነበር የምትለው። ሰው ሁሉ ቃሉን በጎን ያልፈዋል፤ ሰሚው ግን ይረዳል። እሷ ያደረገችው ሌላ ነው። ሰሚው እንዳይረዳ አድርጋ ነው ያለፈችው። ክብረት ሲደውል ይህን ልትነግረው አሰበች። «ምን አላቸው?» ሲላት ግን «ጉልበት ነው አለ» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት የክብረት ታናሽ ወንድም ቶማ ከሻንቶ ደወለ። አባቱ ከትናንት ጀምሮ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ሆዳቸው ከታች በኩል ተወጥሯል፣ መቀመጥም መተኛትም አልቻሉም። «ክኒኑ ነው መሰለኝ» አለ።

«ክኒኑ አይደለም» አለች አስካለች። «አሁኑኑ በሚኒባስ አምጣቸው።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀቻቸው። አቶ ቦልቴ ከሚኒባሱ በቶማ ትከሻ ተደግፈው ወረዱ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገብታቸው ዶክተር ሐብተማርያምን ፈልጋ አገኘችው። መተላለፊያው ላይ ሰው ነበረ፤ ድምጿን ግን አልቀነሰችም።

«ዶክተር፣ ማክሰኞ ጉልበታቸውን ያዩላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጉልበት አይደለም። ሽንት ነው። ከስምንት ወር ጀምሮ ይቸገሩ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ጭራሽ አልወጣም። እሳቸው ተናግረው ነበር፣ አዛብቼ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ወዲያው ተከተላት። በሽተኛውን አስተኝቶ ሆዳቸውን ዳሰሰና ነርሷን ቱቦ እንድታዘጋጅ አዘዛት። «ከዚህ በፊት ይቆራረጥ ነበር? ደም ነበረው? ያቃጥላቸዋል? ጠይቂልኝ።»

አስካለች ቃሉን በአማርኛ ስትናገር እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቃል ቀልሏት ነበር። በወላይትኛ ግን ባደገችበት ቤት የማይነሣ ቃል ነው። አማቷን ስትጠይቅበት ደግሞ የበለጠ ከበዳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እያንዳንዱን ነገር በስሙ እየጠራች ጠየቀች። አቶ ቦልቴ ጣሪያውን እያዩ መለሱ፤ እሳቸውም ምንም አልሸፋፈኑም። ቶማ ቀስ ብሎ ወጣ።

ቱቦው ከገባ በኋላ ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ።

ዶክተሩ እጁን እየታጠበ «ማክሰኞ ምን ነበር ያሉት?» ሲል ጠየቃት።

«ውጭ መውጣት አቅቶኛል።»

ዶክተሩ ቧንቧውን ዘጋ። «እናቴም ደጅ ነው የምትለው። ደጅ ብትዪኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያላልኩት።»

«እኔም ሰልፉን እያየሁ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ለቀቅኳቸው» አለ። ከዚያ የሽንት መውጫውን የሚከበው እጢ ማበጡን፣ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋቸው እንደማይቀር አስረዳት።

ወደ አልጋው ስትመለስ አቶ ቦልቴ ነቅተው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አዋ፣ ይቅር ይበሉኝ። የነገሩኝን አልነገርኩትም።»

«ገምቼ ነበር» አሉ። «ጉልበቴን ሲይዝ ገባኝ። አይደለም ማለት እችል ነበር፤ በእጄ ብጠቁመው ይበቃ ነበር። እኔም አፈርኩ።» ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ስምንት ወር ሙሉ ለወንዶች ልጆቼ አልነገርኳቸውም። አንቺ የደበቅሽው ሦስት ቀን ነው።»

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በክፍሉ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተኝተዋል፤ አንደኛው ከዳውሮ የመጡ ገበሬ፣ ሌላው ጡረታ የወጡ ወታደር። ሦስቱም ከአልጋቸው ጎን የሽንት ከረጢት ተንጠልጥሎላቸዋል። አስካለች ሾርባ ይዛ ስትገባ ጨዋታ ላይ ነበሩ። ገበሬው በእሳቸው ቤት «ወደ እንሰቱ ሄደ» እንደሚባል ይናገራሉ፤ ወታደሩ ደግሞ የምድብ ጓደኞቻቸው «ግዳጅ አለብኝ» ይሉ እንደነበር። አቶ ቦልቴ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ስፌቱ ስለሚያማቸው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ጭነዋል። አስካለችን ሲያዩ ሳቃቸውን አላቋረጡም። ወታደሩ ያሉትን እንድትተረጉምላቸው ጠየቋት፤ ተረጎመችላቸው።

ቅዳሜ ክብረት ከአረካ መጣ። ብርቱካን ይዟል። አባቱን ስሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «አዋ፣ ዋናው ነገር ምን ነበር? በስልክ በደንብ አልገባኝም» አለ።

አስካለች ልትመልስ ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ሽንት የሚለውን ቃል በወላይትኛም፣ ከአስካለች በሰሙት አማርኛም፣ ረጋ ብለው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ተናገሩት። ከዚያ መቼ እንደጀመራቸው፣ እንዴት እንደባሰ፣ ቱቦው ሲገባ ምን እንደተሰማቸው አንድ በአንድ ነገሩት።

ክብረት መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። ሲጨርሱ «እሺ» አለና አንዱን ብርቱካን መላጥ ጀመረ።